የሰልማ መዝገብና ስድስቱ ኮሮጆዎች



ውድ አንባቢያን ሆይ! ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ስትገልጡ ስለ መስጊዳችን ጉዞ የሚያወሱ ጽሑፎችን እንደምትጠብቁ አያጠራጥርም። የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ ከዚያ ለየት ቢልም የማይመለከተን ግን አይደለም። ከጀማዓችን መካከል ብዙዎች ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በመማል የአሜሪካ ዜግነት አግኝተዋል። ልጆቻችንም አብዛኞቹ የተወለዱት በዚሁ ምድር ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ታዲያ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አባባል ይሰማል። አንዱ «የኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ «ምርጫ ድሮም የሚሰረቅ ነገር ነው፤ ምን አገባኝ ብዬ እሰለፋለሁ?» የሚል ነው። እነዚህን ሁለት አባባሎች በታሪክ ፊት አቅርበን እንመርምራቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1965 በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ሕጎችን አውጥቷል። ነሐሴ ላይ የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ስደተኞችን በትውልድ አገራቸው ኮታ እየለየ ይቀበል የነበረውን አሠራር የሻረው የኢሚግሬሽን ሕግ ተፈረመ። ለእንደ እኛ ዓይነቱ ከአፍሪካ ለመጣ ሰው በሩን የከፈተው ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው። በሩን አልፈን ዜጋ ስንሆን ደግሞ ያለ ፈተናና ያለ ግልምጫ የምንመዘገበው በመጀመሪያው ሕግ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚተረከው የሌሎች ሰዎች ታሪክ ብቻ ሳይሆን እኛም ፍሬውን እየበላን ያለነው ታሪክ ነው።

መብት በወረቀት ላይ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ባርነት በሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ ተሻረ። በ1870 የጸደቀው 15ኛው ማሻሻያ ደግሞ ማንም ዜጋ በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆኑ ምክንያት የመምረጥ መብቱ እንዳይነፈግ ደነገገ። በዚያ ዘመን መራጭ ሲባል ወንዱ ብቻ ነበር፤ ሴቶች በሕገ መንግሥት ደረጃ መብቱን ያገኙት በ1920 ነው። ያም ሆነ ይህ ሕጉ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። የትናንት ባሮች መረጡ፣ ተመረጡም። በዚያው በ1870 ሃይረም ሬቭልስ የተባሉ ጥቁር ሰው ሚሲሲፒን ወክለው በአሜሪካ ሴኔት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ነገር ግን በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮች በደቡብ ስቴቶች የነበራቸው ጥበቃ ሲያበቃ የቀድሞዎቹ ጌቶች ወደ ሥልጣን ተመለሱ። የሕገ መንግሥቱን ቃል በግልጽ መሻር ስለማይቻል ዘዴ ተፈለገለት። ሚሲሲፒ በ1890፣ ሉዊዚያና በ1898፣ አላባማ በ1901 አዲስ የስቴት ሕገ መንግሥት አወጡ። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ «ጥቁር አይመርጥም» የሚል ቃል አይገኝም። የሚገኘው መራጭ የምርጫ ግብር እንዲከፍል፣ ማንበብና መጻፍ እንዲችል ወይም ንብረት እንዲኖረው፣ ወይም ደግሞ የሕጉን አንቀጽ ትርጉም ለመዝጋቢው እንዲያስረዳ የሚጠይቅ ቃል ነው። ማስረዳቱ በቂ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነው ያው መዝጋቢ ነው። ያልተማሩ ነጮች አብረው እንዳይወድቁ ደግሞ ሉዊዚያና አንድ ቀዳዳ አበጀችላቸው፤ አባቱ ወይም አያቱ ከ1867 በፊት መራጭ የነበረ ሰው ከፈተናው ነፃ ይሆናል አለች። የጥቁሮቹ አባቶችና አያቶች በዚያን ጊዜ መምረጥ የማይፈቀድላቸው ስለነበሩ ቀዳዳው ለማን እንደተከፈተ ግልጽ ነው።

ውጤቱን በቁጥር እንመልከት። በሉዊዚያና በ1896 የተመዘገቡት ጥቁር መራጮች 130,334 ነበሩ። በ1904 የቀሩት 1,342 ብቻ ናቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ ከመቶው ውስጥ ዘጠና ዘጠኙ ከመዝገብ ተፋቁ ማለት ነው። በአላባማ የምርጫ ግብሩ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ያልተከፈለው ዓመት ሁሉ እየተደመረ እስከ 36 ዶላር ይደርስ ነበር። የሰው መሬት አርሶ፣ የሰው ጥጥ ለቅሞ ለሚያድር ገበሬ ይህ ገንዘብ የማይደረስበት ነበር።

አቤት የሚል ሰው አልጠፋም። በ1903 ጃክሰን ጋይልስ የተባሉ የሞንትጎመሪ ከተማ ነዋሪ ስለ ራሳቸውና ከ5,000 በላይ ስለሚሆኑ መሰሎቻቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። የአብዛኞቹ ዳኞች መልስ የሚያስገርም ነበር። መዝገቡ አቤት ባዩ እንደሚሉት በሙሉ የተጭበረበረ ከሆነ የእርሳቸውን ስም በተጭበረበረ መዝገብ ላይ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ማስፈጸም አይችልም፤ ስለዚህ መፍትሔውን ከስቴቱ ሕዝብ ወይም ከፌዴራሉ መንግሥት የፖለቲካ አካላት ይፈልጉ ተባሉ። እንግዲህ አስተውሉ! እንዳይመርጥ የተከለከለ ሰው በደሉን ለተመራጮቹ ያመልክት ተባለ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው፣ 15ኛው ማሻሻያ ለስድሳ ዓመታት ያህል እንዲሁ በሰማይ ያለች ላም ሆና ቀረች።

የሰልማ የምዝገባ ቢሮ

ይህ በደል በአንድ ከተማ ውስጥ በዕለት ተዕለት ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት ወደ ሰልማ እንሂድ። ሰልማ በአላባማ ስቴት፣ ዳላስ በሚባል ካውንቲ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። በቴክሳስ ያለችውን ትልቋን ዳላስን ማለታችን አይደለም። በ1961 በዚህ ካውንቲ ዕድሜያቸው ለመምረጥ የደረሰ 15,000 ያህል ጥቁሮች ነበሩ። በመዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረው 156 ብቻ ነበሩ። አጠገቡ ባለው ላውንደስ ካውንቲ ደግሞ ከነዋሪው ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ እስከ 1965 መጀመሪያ ድረስ አንድም የተመዘገበ ጥቁር አልነበረም።

የሰልማ የምዝገባ ቢሮ የሚከፈተው በወር ሁለት ቀን፣ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ሰኞ ብቻ ነበር። ሰኞ የሥራ ቀን ነው። ሊመዘገብ የሄደ ሠራተኛ የቀኑን ደመወዝ ያጣል፤ አሠሪው ከሰማ ደግሞ ሥራውንም ያጣል። ረጅም ቅጽ ይሰጠዋል፤ በቅጹ ላይ አንዲት ነጥብ ቢሳሳት ይጣልበታል። ቀድሞ የተመዘገበ መራጭ መጥቶ እንዲመሰክርለትም ይጠየቃል። በ15,000 ሰው መካከል 156 የተመዘገበ ብቻ ባለበት ቦታ ምስክር ከየት ይገኛል?

በጥቅምት 1963 ወደ 350 የሚሆኑ ጥቁሮች በፍርድ ቤቱ ሕንጻ ደጃፍ ተሰለፉ። ሸሪፉ ጂም ክላርክና ሰዎቹ ዙሪያቸውን ቆሙ። ፀሐይ ላይ ውለው ለተጠሙት ምግብና ውሃ ለማቀበል የሞከሩ ወጣቶች ተደብድበው ታሠሩ። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ከ1961 ጀምሮ ክስ መሥርቶ ነበር። ከአራት ዓመት ሙግት በኋላ የተመዘገቡት ጥቁሮች ቁጥር ከ156 ወደ 383 ብቻ ከፍ አለ። በዚህ አካሄድ 15,000 ሰው ለመመዝገብ ስንት ትውልድ ይፈጅ እንደነበር እናንተው አስሉት።

በጥር 1965 ደግሞ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ጥቁር አስተማሪዎች ጥርስ ብሩሻቸውን በኪሳቸው ይዘው፣ ማለትም ለመታሠር ተዘጋጅተው፣ ወደዚያው ሕንጻ ሄዱ። እነዚህ ልጆችን ማንበብ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። በፖሊስ ዱላ እየተገፉ ከደረጃው እንዲወርዱ ተደረገ። ከዚያ ቀን በኋላ የማንበብ ፈተናው እውነት ማንበብን ለመመዘን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሊኖር አይችልም።

እኛ ሙስሊሞች የምናስታውሰው አንድ እንግዳም በዚያው ክረምት ሰልማ ገብቷል። አልሐጅ ማሊክ አል-ሸባዝ፣ ብዙው ሰው ማልኮም ኤክስ ብሎ የሚያውቃቸው፣ በ1964 የሐጅ ግዴታቸውን ከተወጡ ከወራት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1965 ወደ ሰልማ ሄደው በብራውን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያን ቀን እሥር ቤት ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖትም በትግል መንገድም ይለያዩ እንደነበር የታወቀ ነው። ሆኖም ማልኮም ለኪንግ ባለቤት ለወይዘሮ ኮሬታ የመጣሁት የባለቤትሽን ሥራ ላከብድበት ሳይሆን ለማገዝ ነው የሚል መልእክት ነገሯቸው። ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ማልኮም በኒውዮርክ ተገደሉ። ሰልማ በሕይወታቸው ማብቂያ ከቆሙባቸው የትግል መድረኮች አንዷ ሆና ቀረች።

ከድልድዩ እስከ ሕጉ

የካቲት 18 ቀን በአጎራባቿ ማሪየን ከተማ፣ ለመመዝገብ ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት ጂሚ ሊ ጃክሰን የተባለ የ26 ዓመት ወጣት በሰላማዊ ሰልፍ ላይ በስቴቱ ፖሊስ ተተኮሰበት፤ ከስምንት ቀን በኋላም ሞተ። መጋቢት 7 ቀን 1965 ወደ 600 የሚሆኑ ሰዎች ከሰልማ ተነሥተው ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ወደ ሞንትጎመሪ በእግር ለመሄድ ኤድመንድ ፔተስ የተባለውን ድልድይ ሲሻገሩ ፖሊሶችና ፈረሰኞች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ወረዱባቸው። ከፊት ይመራ የነበረው ወጣቱ ጆን ሊዊስ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ለብዙ ዓመታት ሰዎችን ለምዝገባ ሲያዘጋጁ የኖሩት ወይዘሮ አሚሊያ ቦይንተን ራሳቸውን ስተው መሬት ላይ ወደቁ። አገሩ ሁሉ ይህን በቴሌቪዥን አየ።

ከሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ምክር ቤቱን ሰብስበው አዲስ ሕግ እንዲወጣ ጠየቁ። ሰልፈኞቹም በፌዴራል ዳኛ ፈቃድና በወታደር ጥበቃ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው መጋቢት 25 ሞንትጎመሪ ገቡ፤ ሲደርሱ ቁጥራቸው ወደ 25,000 አድጎ ነበር። ሕጉ ነሐሴ 6 ቀን 1965 ተፈረመ።

ሕጉ የቀድሞውን መብት በድጋሚ የጻፈ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ የሰማይ ላም በሆነ ነበር። ጥበቡ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። አንደኛ፣ ፈተና እየሰጡ የሕዝባቸው ተሳትፎ ዝቅ ባለባቸው ስቴቶች ፈተናው እንዲታገድ አደረገ። ሁለተኛ፣ የአገሬው መዝጋቢ እምቢ ባለበት የፌዴራል መዝጋቢ ሄዶ ራሱ እንዲመዘግብ፣ ታዛቢዎችም ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን በዓይናቸው እንዲከታተሉ ሥልጣን ሰጠ። ሦስተኛ፣ እነዚህ ስቴቶች የምርጫ ሕጋቸውን ሲለውጡ ለውጡ ዘር የማይለይ መሆኑን አስቀድመው ለፌዴራሉ መንግሥት ወይም ለዋሽንግተን ፍርድ ቤት እንዲያስረዱ አስገደደ። ይህ ማለት የማስረዳት ሸክሙ ከተበዳዩ ጫንቃ ወርዶ በበዳዩ ላይ ተጫነ ማለት ነው። በሚሲሲፒ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ 6.7 ነበሩ፤ በ1967 ከመቶ 59.8 ደረሱ። ለ75 ዓመታት «ማንበብ አይችሉም፣ ፍላጎትም የላቸውም» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ መዝገቡን ሞሉት።

ስድስቱ ኮሮጆዎች

ብዙ ሰዎች የሰልማን ታሪክ ሲተርኩ ሕጉ ሲፈረም ያቆማሉ። ቀጣዩ ምዕራፍ ግን ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኝበት ነው። በግንቦት 1966 በዳላስ ካውንቲ ለሸሪፍነት የፓርቲ ምርጫ ተደረገ። ተወዳዳሪው ያው ድልድዩ ላይ ሰዎቹን ያሰማራው ጂም ክላርክ ነበር። ተቀናቃኙ ዊልሰን ቤከርም ነጭ ነበር፤ ነገር ግን በሰልማ የፖሊስ ኃላፊነቱ በጠባይ ለዘብ ያለ መሆኑን ሰዎች አይተዋል። ጥቁሮቹ በሺዎች እየሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰልፍ ቆመው ድምፃቸውን ሰጡ።

ቆጠራው ሲደርስ ግን ምርጫውን የሚመራው የካውንቲው የፓርቲ ኮሚቴ ጉድለት አገኘሁ በማለት አብዛኛው መራጭ ጥቁር ከሆነባቸው ጣቢያዎች የመጡ ስድስት ኮሮጆዎችን አልቆጥርም አለ። አያችሁ! መዝገቡ ላይ መከልከል ሲያቅት በኮሮጆው መጡ። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ወዲያው ፍርድ ቤት ሄደ። ታዛቢዎች በየጣቢያው ስለነበሩ የሆነውን የሚያስረዳ ምስክር አልጠፋም። ዳኛው ስድስቱም ኮሮጆዎች እንዲቆጠሩ አዘዙ፤ ሲቆጠሩም ቤከር አሸነፈ። ክላርክ በኅዳሩ ምርጫ ስሙ በወረቀቱ ላይ ሳይኖር ደጋፊዎቹ በእጅ እየጻፉ እንዲመርጡት ሞክሮ ነበር፤ ያም አልሆነለትም። ሰው በአደባባይ የደበደበው ሸሪፍ በዱላ ሳይሆን በወረቀት ከሥልጣኑ ወረደ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ድምፅ ሦስት በር አለው። የመጀመሪያው መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው ድምፅ መስጫው ክፍል ነው፤ ሦስተኛው ቆጠራ ነው። አንዱ በር ክፍት ሆኖ ሌላው ቢዘጋ ሰውየው መረጠ አይባልም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በአገራችን ኢትዮጵያ ሌሊት ተነሥታችሁ ረጅም ሰልፍ የቆማችሁ፣ ከዚያም በቆጠራው ላይ የተነሣውን ውዝግብና የፈሰሰውን ደም የምታስታውሱ፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋችሁም።

ሳጥን ቁጥር 13

እስካሁን የተናገርነው በሕይወት ያለው መራጭ እንደሌለ ስለሚቆጠርበት ስርቆት ነው። ሌላም ስርቆት አለ፤ ይኸውም የሌለው መራጭ እንዳለ የሚቆጠርበት፣ በእኛ ቋንቋ ኮሮጆ ግልበጣ የሚባለው ነው። ታሪክ አንዳንዴ ያስገርማልና ምሳሌው የሚገኘው የ1965ቱን ሕግ በፈረሙት በራሳቸው በሊንደን ጆንሰን ሕይወት ውስጥ ነው።

በ1948 ጆንሰን በቴክሳስ ለሴኔት በተደረገው የፓርቲ ምርጫ ከኮክ ስቲቨንሰን ጋር ተወዳደሩ። ከ900,000 በላይ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ስቲቨንሰን በጥቂት ድምፆች የሚመሩ መሰለ። ምርጫው ካለፈ ከስድስት ቀን በኋላ አሊስ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሳጥን ቁጥር 13፣ 202 ተጨማሪ ድምፆች ተገኙ ተባለ። ከእነዚህ 200ው ለጆንሰን፣ 2ቱ ለስቲቨንሰን ነበሩ። ዝርዝሩን ያዩ ሰዎች የተጨመሩት ስሞች በአንድ ዓይነት ቀለምና በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ ያውም በፊደል ተራ የተጻፉ መሆናቸውን መሰከሩ። ሰዎች በፊደል ተራቸው ተሰልፈው ሊመርጡ መጡ ማለት ነው! ጆንሰን በ87 ድምፅ አሸነፉ ተባለ። የተጀመረው ምርመራ ሳይጠናቀቅ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ትእዛዝ ቆመ። የጣቢያው ኃላፊ የነበረው ሰው ማጭበርበሩን በይፋ ያመነው ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሰልማ ያለው ሰው ከመዝገብ ተፋቀ፤ በአሊስ የሌለው ሰው በመዝገብ ተጨመረ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግፍ ናቸው፤ ሁለቱም የሐቀኛውን መራጭ ድምፅ ይበላሉ። አንዳንድ ሰው «የምርጫ ደህንነት» ሲባል ድሃውን ማባረሪያ ብቻ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ «የመምረጥ መብት» ሲባል የማጭበርበር በር መክፈቻ ይመስለዋል። ታሪኩ የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መድኃኒቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ያለውን ሁሉ የያዘ፣ የሌለውን ያልጨመረ እውነተኛ መዝገብ፣ በታዛቢ ፊት የሚከፈትና በታዛቢ ፊት የሚቆጠር ኮሮጆ።

ከዚያ ወዲህ

የ1965ቱ ሕግ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል። በ1975 እንግሊዝኛ ለማይችሉ የተወሰኑ ማኅበረሰቦች በቋንቋቸው የምርጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ ተደነገገ። አማርኛ በዚህ የፌዴራል ድንጋጌ ውስጥ የለበትም። ይሁን እንጂ በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። በ1982 ደግሞ ለእኛ በጣም የሚጠቅም አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ ማየት የማይችል፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ ሊገባ ይችላል። የማይፈቀደው ረዳት አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ ነው። አሠሪው የተከለከለው ለምን እንደሆነ የሰልማን ታሪክ ያነበበ ሰው አይጠይቅም።

በ2013 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ የትኞቹ ስቴቶች አስቀድመው ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባቸው የሚወስነው መለኪያ ጊዜ ያለፈበት ነው ብሎ ሻረው። በዚህም ቅድሚያ የማስረዳቱ ግዴታ ሥራ ፈት ሆነ። በዚያው ቀን ቴክሳስ ታግዶ የነበረውን የመራጮች መታወቂያ ሕጓን ሥራ ላይ እንደምታውል አስታወቀች። የእነዚህ ሕጎች ደጋፊዎች ማጭበርበርን ይከላከላሉ ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ደግሞ ድሃውንና አረጋዊውን ያስቀራሉ ይላሉ። ክርክሩ በየስቴቱ ቀጥሏል። ስለዚህ ጥበቃው ቀድሞ ከላይ ይመጣ የነበረውን ያህል ስላልሆነ ከታች፣ ከእያንዳንዱ መራጭ የሚጠበቀው ጨምሯል።

እኛስ?

ይህ ጽሑፍ እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አትምረጡ አይልም። የሚለው የሚከተለውን ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ዜግነት ያላገኛችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ከመዝገቡ ራቁ። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ ጸሐፊው «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ሊላችሁ ይችላል። ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። በ1996 በወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ከአገር ለመባረርም ያደርሳል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። እውነተኛ መዝገብ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ዜጎች የሆናችሁ ተመዝገቡ፤ ከተመዘገባችሁም በኋላ ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን አስተካክሉ። የእኛን ስም በተለይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሙሐመድ የሚለው ስም ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ታውቃላችሁ። በመታወቂያው አንድ ዓይነት፣ በመዝገቡ ሌላ ዓይነት ተጽፎ፣ ወይም የአባት ስም ከአያት ስም ተምታቶ ከተገኘ በምርጫው ቀን ጣጣ ያመጣል። ስማችሁ ጠፋ ቢባል እንኳ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። በ2002 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ለመምረጥ ብቁ ነኝ ብሎ ለሚያረጋግጥ ሰው በፌዴራል ምርጫ ጊዜያዊ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል፤ ብቁነቱ ሲጣራ ይቆጠርለታል።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ይዛችሁ ሂዱ። ስትረዷቸው ግን ይህ አማና መሆኑን አትርሱ። እናታችሁ እገሌን ካለች እገሌን ምልክት አድርጉላት፤ የእናንተ ምርጫ ሌላ ቢሆንም። ምን እንደመረጠችም ለሰው አታውሩ። የእናቱን ድምፅ በራሱ ፈቃድ የለወጠ ልጅ ከሳጥን ቁጥር 13 ጸሐፊ በምን ይለያል?

አራተኛ፣ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛና ታዛቢ ለመሆን ተመዝገቡ። ስድስቱን ኮሮጆዎች ያዳናቸው ሕጉ ብቻ አልነበረም፤ በቦታው ተገኝቶ ያየና የመሰከረ ሰውም ነው። በየመንደራችን ምርጫ ጣቢያ እኛን የሚመስል፣ ቋንቋችንን የሚያውቅ አንድ ሰው ሲኖር ለአረጋዊው መራጭ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አስቡት።

አምስተኛ፣ በቤታችንም እንለማመደው። የመስጊድ ኮሚቴ ስንመርጥ የአባላቱ መዝገብ አስቀድሞ ይታይ፤ ድምፁ በምስጢር ይሰጥ፤ ቆጠራው በሁሉም ፊት ይሁን፤ ቁጥሩም በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በእጅ ማውጣትና በጭብጨባ የተመረጠ ኮሚቴ መልካም ሰዎች ቢኖሩትም ነገ ሐሜት ሲነሣ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ውድ አንባቢያን! በመግቢያችን ላይ ያነሣናቸውን ሁለት አባባሎች አሁን መመለስ እንችላለን። «የኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ለሚለው፣ የቴክሳስ የሴኔት ወንበር በ87 ድምፅ እንደተወሰደ አስታውሱት። ድምፅ ዋጋ ቢስ ቢሆን ኖሮ ሸሪፍ ክላርክ ውሃ የሚያቀብሉ ወጣቶችን ለምን ይደበድብ ነበር? ኮሚቴውስ ስድስት ኮሮጆ ለመጣል ለምን ይደክም ነበር? ሌባ ባዶ ቤት አይሰብርም። «ምርጫ ድሮም የሚሰረቅ ነገር ነው» ለሚለው ደግሞ፣ አዎን፣ ተሰርቋል፤ ነገር ግን ሌባው ያሸነፈው ጠባቂ ባልነበረበት ቦታ ነው፤ ጠባቂ በነበረበት ግን ኮሮጆው ተከፍቶ ተቆጥሯል በሏቸው።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን።